ስም የማይጠራበት ጉድጓድ

ሰኔ 9 ቀን 1999፣ ገዳሪፍ

ጉድጓዱን ዛሬ ጀመርን። ሙቃውሉ፣ የሥራ ተቋራጩ ጣሃ፣ ከገበያው ጀርባ ለአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ፎቅ ቤት ያሠራል፤ የፍሳሹን ጉድጓድ ለእኔና ለትግሉ ሰጠን። ትግሉ የእህቴ የሳምሪ ባል ነው። እሱ ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ ገመድ እይዛለሁ። የአርማጭሆው ሁዜይፋ ደግሞ የወጣውን አፈር ይደፋል፤ ትግሉ ሲደክመውም ይተካዋል።

ገመድ መያዝ የሰነፍ ሥራ የሚመስላቸው ሞልተዋል። ይምሰላቸው። እኔ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ሳልዳብስ ሰው አላወርድም። የጉድጓዱን አፍ ዙሪያ በመጥረጊያ እጠርጋለሁ፤ አንዲት ጠጠር ከላይ ብትወድቅ የታቹን ሰው አናት ትፈነክታለች። አፈር የሞላ ባልዲ ስስብ ትግሉ ከሥሩ ዘወር እስኪል እጠብቃለሁ። ትግሉ «አማቼ እንቁላል ነው የሚያወርደው» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እስከ ዛሬ በእጄ ወርዶ ተጎድቶ የወጣ ሰው የለም።

የሳምሪ ሆድ ገፍቷል። ያለንበት ረኩባ ደግሞ ከላይ ሣር፣ ከጎን ጆንያ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ያፈሳል። ጣሃ ጉድጓዱን በቶሎ ካደረስንለት በፎቁ ምድር ቤት ያለውን የዘበኛ ክፍል ለትግሉ ሊሰጠው ቃል ገብቷል። የሲሚንቶ ክፍል ነው፣ መስኮት አለው። ትግሉ በቀን አሥር ጊዜ ሄዶ ያየዋል።

ሰኔ 12

ዛሬ ሐቦባ ባሕሪያ ጉድጓዱን አጠኑልን። ሐቦባ አያት ማለት ነው፤ የመተማ ሰው ናቸው፤ እዚህ ገበያ ባኹር፣ ማለት የዕጣን ቅመም፣ ሲሸጡ አርጅተዋል። ጉድጓድ የሚቆፍር ሐበሻ ሁሉ የሚያጥነው በሳቸው ቅመም ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ማንደጃ ላይ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ባኹሩ ይበተንበታል፣ ከሰው በፊት ታች ይወርዳል። ቀኑን ሙሉም ጥግ ይዞ ይጨሳል። ማንደጃው የራሱ ሽቦ አለው፤ የማወርደውም የማወጣውም እኔ ነኝ። ሌላው ደንብ፣ ታች ያለ ሰው በስሙ አይጠራም። ከሥር ያሉት ስሙን ከሰሙ እነሱም ይጠሩታል፤ አቤት ካላቸው ይወስዱታል ይባላል። ስለዚህ «ያ ዞል» እንላለን፣ አንተ ሰው ለማለት። እሱም በአፉ አይመልስም፤ ደህና መሆኑን ገመዱን በመነቅነቅ ያሳውቀናል።

አምናለሁ አልልም፣ አላምንም አልልም። ጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄ ደግሞ በዝቶ አያውቅም።

ሰኔ 21

ዋልካው አለቀ፣ ድንጋይ ገባን። እፎይ አልኩ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ሳይታሰብ ይናዳል። በርሜል ቀደን ዙሪያውን ደግፈነዋል። ድንጋዩ ግን የታመነ ነው።

የቤቱ ባለቤት የላከው መሐንዲስ ከኸርጡም መጣ ተብሎ ጣሃ ቢጫ የፕላስቲክ ቆብ አደለን። ሰውዬው ፎቶ አንስቶን ሄደ። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ጣሃ «ሃት፣ ሃት» እያለ ቆቦቹን ሰበሰበ። ሁዜይፋ የራሱን ደብቆ አስቀርቷል፤ ማታ ምስር ሲለቅምበት አየሁት።

ሰኔ 28

ዝናብ ገባ። ውሃ እንዳይወርድበት የጉድጓዱን አፍ በሸራ ጋረድኩት፤ ባልዲው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ቀረ። እኔ የወጠርኩት ሸራ ጠብታ አያሳልፍም።

ትግሉ ለምሳ ወጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠና ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ማነው የጠራኝ?» አለ።

ማንም አልጠራህም አልኩት።

«በስሜ ነው የጠራኝ። ቀስ ብሎ ነው፣ የሚያውቀኝ ሰው ነው።»

ሁዜይፋ አካፋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ገመዱን መጠቅለል ጀመርኩ። ስሙን አልጠራሁም። ሁዜይፋም አልጠራም።

ሐምሌ 2

በችኮላ። ትግሉን ራሱን ያመዋል። ትናንት አስመለሰው። ወጥቶ ትንሽ ነፋስ ሲመታው ይሻለዋል፣ ሲወርድ ይብስበታል። የሳምሪ ወጥ ነው ብዬ ቀለድኩ፤ ሳምሪ አልሳቀችም። ዛሬም ጠሩት።

ሐምሌ 5

ሌሊት የወረደው ዝናብ ከሰሉን አበስብሶት አደረ። ጠዋት እፍ ብል፣ ባራግብ አልያዝ አለ። ሰማዩ ግን ጠርቷል፤ ጣሃ «ያላ፣ ሥራ» እያለ ይጮሃል። ሳናጥን ትግሉን አወረድኩት። ሸራውም ረጥቦ ስለከበደ ገልጬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ገመዱን ከእጄ ሳልለቅ ዋልኩ።

ምንም አልሆነም። ቀኑን ሙሉ ከታች ሲያንጎራጉር ዋለ። ማንም አልጠራውም፣ ራሱንም አላመመው። ማታ እራት ሁለት ሰሐን በላ። ሁዜይፋ ከሥር ያሉት ዝናብ ሲጠግቡ ይተኛሉ አለ። እኔም ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ድፍረት ሁለተኛ አይለምደኝም። ዛሬ ማታ ከሰሉን ከአልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አይረጥብም።

ሐምሌ 8

ትግሉ ስለደከመው ሁዜይፋ ተክቶት ወረደ። ገና ግማሽ ቀን ሳይሞላ ገመዱን አጥብቆ ነቀነቀ፤ ሳወጣው እግሩ አልቆም አለው። ውሃ ሰጠነው። ማንደጃው አጠገብ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ እሳት ይሞቅ ነበር አለ። ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። ሰላምታ ሲሰጠው ፊቱን አላዞረለትም።

ከእንግዲህ በዚህ ጉድጓድ አልወርድም ብሎ ማለ። ጣሃ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፤ ፋኖስ አውርጄ አየሁ። ጥጉ ላይ ከማንደጃው በቀር ምንም የለም። የፋኖሱ ብርሃን ግን ታች ሲደርስ አንሶ አንሶ እንደሚተኛ ሰው ዓይን ሆነ። ፈጥኜ ሳብኩት።

ሐምሌ 10

ትግሉ ልተወው አለ። ሾዋክ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉ፤ እዚያ ሄጄ ጭነት እሸከማለሁ አለ። ሳምሪም ይሂድ ባይ ናት። እሷ ስታወራ በጆንያው በኩል ሰማኋት፤ «ልጄን የማሳድገው ካንተ ጋር ነው እንጂ ከክፍሉ ጋር አይደለም» አለችው።

እንዲቀር ያግባባሁት እኔ ነኝ። ውሃ የሚጠጣው ስንጥቅ ድንጋይ ጋ ልንደርስ ትንሽ ነው የቀረን አልኩት። በጅምር የተተወ ጉድጓድ የባሰ ነው አልኩት። እህቴ ጭቃ ላይ እንድትወልድ ነው ወይ አልኩት። በመጨረሻ እሺ አለ። ትግሉ ሰውን እሺ ማለት ይቀናዋል።

ነገ ሐቦባ ባሕሪያ ዘንድ እሄዳለሁ። ሰው ከላይ ሆኖ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ አለበት።

ሐምሌ 13

ሐቦባ ባሕሪያ ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ ከየት በኩል እንደሚመጣ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ጭሱን ለምደውታል» አሉኝ። «ጭሱ አንሷል። ከእንግዲህ ለአፍታም መቋረጥ የለበትም።» የራሳቸውን ትልቁን ማንደጃ አዋሱኝ፤ ከእኛው ሁለት እጅ ይይዛል። ባኹሩን በነጻ ሰጡኝ።

ሸራውንም አጥብቄ ወጠርኩት። ዝናቡ እሳቱን እንዳያጠፋብን።

ሐምሌ 15

ትግሉ።

ሐምሌ 19

የሐዘንተኛው ብዛት ዛሬ ቀለል ብሏል። ልጻፈው።

ያን ቀን ገመዱን ዳብሼዋለሁ። አፉን ጠርጌአለሁ። ትልቁን ማንደጃ ከሰል ሞልቼ ቀድሜ አውርጄዋለሁ። ያጎደልኩት ነገር የለም። ሲወርድ ወገቡን ሳስረው ትግሉ ሳቅ ብሎ «አማቼ፣ ዛሬ ከጠራኝ አቤት እለዋለሁ። ምን እንደሚፈልግ ልወቅና ይለይልኝ» አለኝ። እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም ብዬ ተቆጣሁት። ከእሱ ጋር የተለያየሁበት ንግግር ቁጣ ሆነ።

መጀመሪያ ባልዲው ቶሎ ቶሎ ይወጣ ነበር። ከዚያ እየዘገየ መጣ። ከዚያ ባዶውን መጣ። መልሼ አወረድኩትና «ያ ዞል» አልኩ። ገመዱ ተነቃነቀ። ደህና ነው ብዬ ቆየሁ። ዝናቡ ሸራው ላይ ያንኳኳል። ደግሜ «ያ ዞል» አልኩ፤ ገመዱ ተነቃነቀ። ሁዜይፋ አጠገቤ መጥቶ ገመዱን በሁለት ጣቱ ያዘና «ይኼ የሱ አነቃነቅ አይደለም» አለ። ባልዲው በራሱ እየተወዛወዘ ይሆናል። ሌላም ይሆናል። አላውቅም።

በዚህ መሐል ከታች ድምፁን ሰማሁ።

«አቤት» አለ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ እናቱ እንደጠራችው ልጅ። ማንም አልጠራውም ነበር። እኔ አልጠራሁትም። ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ትግሉ ልለው ነበር፤ ደንቡ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ከዚያ ወዲያ ከታች የተሰማ ነገር የለም።

ሸራውን ገፈፍነው። መንገድ እንዳይዘጋ ማንደጃውን በሽቦው ሳብኩት። ሁዜይፋ አልወርድም ያለው ሰው መሐላውን ትቶ ወረደና አሰረው፤ አወጣሁት። በሕይወቴ እንዲህ የሚከብድ ነገር ስቤ አላውቅም። ቁስል የለበትም፣ ጭረት የለበትም። ፊቱ ቀይ ነበር፤ ከሠርግ የመጣ ሰው ይመስላል። የገነዙት ሰዎች ሕያው እየመሰላቸው ደረቱን ደጋግመው ያዳምጡ ነበር።

ጣሃ ለሚመለከታቸው ልብ ድካም ነው ብሎ አስረዳ። ቀበርነው። ሳምሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ጠርተኸው ነበር?» አለችኝ። አልጠራሁትም አልኳት። ጥፋት አልሠራሁም ለማለት ነበር።

ሐምሌ 29

ጣሃ ክፍሉን ለሳምሪ ሰጣት። አልጋ ራሱ ተሸክሞ አገባላት። ለካ የሰው ልብ አለው። ከመስኮቱ ጉድጓዱ ይታያል፤ ሳምሪ መስኮቱን በጆንያ ሸፈነችው። እኔ ደጃፏ ላይ አነጥፌ አድራለሁ።

ሻይ ቤት ተቀምጬ ከጀርባዬ ሲያወሩ ሰማሁ። ገመድ ያዡ ባኹሩን ሰስቶ ነው ይላሉ። አልሰሳሁም። ይልቅ አበዛሁ። የቻልኩትን ያህል አበዛሁ። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እናገራለሁ፤ ምነው ታዲያ አያጽናናኝ?

ነሐሴ 21

ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። አፍንጫዋ የትግሉ ነው። ጎረቤቶች ስሟን ማን ትሏታላችሁ ሲሉ ሳምሪ እጇን አፋቸው ላይ አደረገች። እዚህ ጉድጓድ አጠገብ ስም አይወጣላትም አለች።

ነሐሴ 26

እጄ ተጠቅልሏል፤ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆኗል።

ከትናንት ወዲያ ሳምሪ ሌሊት እየባነነች አስቸገረች። ሐቦባ ባሕሪያ መጡና የጉድጓዱ ነገር አራሷን ተከትሎ ገብቷል አሉ። ክፍሉ ይታጠን አሉ። እኔ ነኝ የታዘዝኩት፤ ያንኑ ትልቅ ማንደጃ ከጥግ አንስቼ ከሰል ሞላሁት። ዛሬ ከምሳ በኋላ ዝናቡ በነፋስ ስለመጣ በሩንም መስኮቱንም ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። ቀዳዳ እንኳ በጨርቅ ወተፍኩ። ሥራ ስሠራ አጥብቄ ነው የምሠራው። ከዚያ ደጁ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተቀመጥኩ።

ትንሽ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አልቀረም። የሳምሪ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

«ወንድምዓለም፣ ማነው የጠራኝ?»

ማንም አልጠራሽም አልኳት፣ በበሩ ላይ።

«በስሜ ነው የጠራኝ። ትግሉ ነው» አለች። ድምጿ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። «አቤት ልበለው?»

በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ሳምሪ አልጋው ጠርዝ ላይ ራሷን ይዛ አቀርቅራለች፤ ወለሉ ላይ አስመልሷታል። ሕፃኗ ዝም ብላለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል። ያን መቅላት አውቀዋለሁ።

በክፍሉ ውስጥ ጉድጓድ የለም።

ማንደጃውን በባዶ እጄ አንስቼ ዝናብ ላይ ወረወርኩት። ጆንያውን ገነጠልኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሳምሪን እየጎተትኩ ደጅ አወጣሁ፤ ሕፃኗን ዝናቡ ላይ ዘቅዝቄ ያዝኳት። ዝም አለች። ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ነሐሴ 28

ሁለቱም ተሽሏቸዋል። ሳምሪ ማንደጃውን ለምን አወጣኸው አለችኝ። ጭሱ የሕፃኗን ዓይን እንዳይጎዳ ብዬ ነው አልኳት። እጄን አየች። ፊቴን አየች። ጡት ማጥባቷን ቀጠለች።

ጳጉሜ 1

ስለ ጉድጓዱ ላለማሰብ እሞክራለሁ። ከሰሉ የረጠበ ቀን ትግሉ ሲያንጎራጉር የዋለው ግን ጆሮዬ ላይ ነው። ሸራውን ገልጬ ያሰጣሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ሰሐን የበላው ያን ቀን ነው።

ለጣሃ ልንገረው? ምን ብዬ? ሁዜይፋ አልወርድም ብሎ ምሏል፤ ሌላ ቆፋሪ የለም፤ ጉድጓዱ ቆሟል። የሚጎዳ ሰው ከሌለ መናገሩ ለማን ይበጃል? ሐቦባ ባሕሪያን ማሳዘን ነው። ሳምሪን መግደል ነው። እንዲህ ብዬ ለራሴ መለስኩ፤ መልሱም ደህና መልስ ነው።

ጳጉሜ 4

ዛሬ ከገበያ በእህል ጎተራው፣ በሶሚዓው በኩል ስመለስ ከግቢው ባኹር ሸተተኝ።

ጣሃ ሁዜይፋን አግባብቶታል። አዲስ ገመድ ያዥ ከባሱንዳ አምጥቷል፤ ሸራው ተወጥሯል፣ ሐቦባ ባሕሪያ ከጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የማንደጃው ሽቦ ወደ ታች ተወጥሮ አየሁት። አዲሱ ሰው «ያ ዞል» ይላል። ገመዱ ይነቃነቃል። እሱም ደህና ነው ብሎ ጣሃን ያየዋል።

ያ የሁዜይፋ አነቃነቅ አልነበረም።

የገዛሁትን ሽንኩርት ጥዬ ሮጥኩ። ሸራውን በቢላ ቀደድኩት፣ ሽቦውን ይዤ ማንደጃውን ሳብኩት፤ የተቃጠለው እጄ ተላጠ። ጣሃ ከኋላ ይዞኝ «መጅኑን፣ እብድ ነህ? ምን ሆነሃል?» ይላል። ሐቦባ ባሕሪያ ተነሥተው እሳቱን እንድመልስ ይለምኑኛል። ሳምሪ ልጇን ታቅፋ ከክፍሏ ደጃፍ ቆማለች። አየኋት። እሷ ባትኖር እመርጥ ነበር። ግን ነበረች።

«የሚያንቀው ጭሱ ነው» አልኩ። «ትግሉን የገደለው ጭሱ ነው። ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ሸራውን የወጠርኩትም እኔ ነኝ።»

ሐቦባ ባሕሪያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወደ ሳምሪ ዳግመኛ ለማየት አልደፈርኩም። በሆዴ ተኝቼ አንገቴን ወደ ጉድጓዱ አስገባሁና ጮህኩ። በስሙ ጠራሁት። ሁዜይፋ አልኩ። አዲሱ ሰው ፊቱን አማተበ። ሁዜይፋ። ከታች የሚመልስ የለም። ድምፄ ሊዘጋ ሲል ከአጠገቤ ሌላ ድምፅ ተጨመረ። ሳምሪ ልጇን እንዳቀፈች ተንበርክካ ወደ ጨለማው ትጣራ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ከፍ አድርጋ።

«ሁዜይፋ!»

ነፋሱ በቀደድኩት በኩል ገብቶ የጭሱን ቅሪት ይዞ ወጣ። ከዚያ ከታች ሰው ሳለ።

«አቤት» አለ።

ሳምሪ ሕፃኗን ለጣሃ ሰጠችና ገመዱን ከእኔ ጋር ያዘች።